ቅደም የተባልኩበት ሞገድ

የኮኮናት ሽታ ሽማግሌ ያሳፍራል ቢባል ማን ያምናል? እኔን ግን ያሳፍረኛል። ባለፈው ቅዳሜ ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ፣ በወዳጄ በፍስሐ አፓርትመንት ውስጥ ዕቃ ስናሸክፍ ከኮት መስቀያው ሥር አንድ የቆየ ፌስታል ወጣ። ስፈታው የሰም ቁራጭ ነው። ሰርፍ የሚያደርጉ፣ ቦርድ ላይ ቆመው የባሕር ሞገድ የሚጋልቡ ሰዎች እግራቸው እንዳያዳልጣቸው ቦርዳቸውን የሚቀቡት፣ የኮኮናት ሽታ ያለው ሰም። ይህን ሁሉ ዓመት ሽታው እንዴት ሳይጠፋ እንደቆየ እንጃ። አፍንጫዬ ሲደርስ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ፍስሐ ያችን ምስኪን እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። "ምን አገኘህ?" አለኝ። "ምንም፤ ቆሻሻ ነው" አልኩና ኪሴ ከተትኩት። ከዳላስ ልትወስደው የመጣችው ልጁ ሊያ ከኩሽና ብቅ ብላ "ጋሼ ደምሴ፣ ይሄን ኪፕ እናድርገው ወይስ ይጣል?" እያለች ድስት ታሳየኛለች። ፍስሐ ከእንግዲህ ከእሷ ጋር ሊኖር ነው፤ ጉልበቱ ደረጃ እምቢ ብሎታል። እኔ ደግሞ እዚህ ልቀር ነው፤ እሱ ሲጠይቀኝ የኖረውን አንድ ጥያቄ ሳልመልስለት።

ዘመኑን በቁጥር አልናገርም፤ ጸጉር የነበረን ጊዜ ነው ማለት ይበቃል። እኔና ፍስሐ ቢከን ሂል ላይ የአንድ ፊሊፒናዊ ምድር ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ዛሬ ባቡሩ በኮረብታው ሆድ ውስጥ ሽው ብሎ ያልፋል፤ ያኔ አውቶቡስ ጠብቆ በዝናብ መበስበስ ነበር። ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር ዛሬ አንድ ኩባያ ቡና የሚሸጥበት ዋጋ ያኔ ሁለታችንንም ምሳ ያበላን ነበር። ግማሹ ሱቅ በጣውላ ታሽጎ፣ በመሐል አንዲት የሐበሻ ሱቅ ነበረች፤ በርበሬና ካሴት አንድ መደርደሪያ ላይ ነው የሚደረደሩት። የገዛነው ካሴት ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር። ቴፑ ውስጥ ስንከተው እንኳ ያስነጥሰን ነበር፤ ዛሬም ያን ዘመን ዘፈን በስልክ ስሰማ አፍንጫዬን ይበላኛል። የከተማው ጎረምሳ ሁሉ የአያቱን የመሰለ ወፍራም ባለ መስመር ሸሚዝና ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስ ይለብስ ነበር። ፍስሐ ፋሽን አያመልጠውም፤ ደህናውን ሱሪውን ቁጭ ብሎ በምላጭ ቀደደው። በዚያው ሳምንት፣ በቤተ ክርስቲያን እንደ እናት የሚያዩን እትዬ ብርቄ ልብሳችንን አጥበው ሲመልሱልን፣ ቀዳዳውን በጥቁር ክር አሳምረው ሰፍተውታል። "ልጄ፣ ለካ እንዲህ ተቸግረሃል" ብለው በላዩ አሥር ብር ኪሱ ከተውለታል፤ ዶላሩን ብር ነበር የምንለው። ፍስሐ ሊያስረዳቸው አፍሮ ሱሪውን እንደተሰፋ ለበሰው።

ሥራችን ኤርፖርት ነው፤ ሻንጣ መጫንና ማውረድ። አብሮን የሚሠራ ሲዮኔ የሚባል ከደቡብ ባሕር ደሴቶች የመጣ ሰው ነበር፤ ሻንጣን እንደ ትራስ የሚወረውር ግዙፍ፣ ድምፁ ግን ቀጭን። ሲዮኔ እኛን ማየት ይወድ ነበር፤ በተለይ በር ላይ። የእረፍት ክፍላችን በር ጠባብ ናት። እኔና ፍስሐ እኩል ከደረስን "ቅደም"፣ "ኧረ አንተ ቅደም"፣ "በእግዜር ቅደም" ስንባባል ከኋላችን ያለው አሜሪካዊ ሁሉ ሳንድዊቹን ይዞ ይሰለፋል። ፍስሐ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ስለዚህ እሱ መቅደም አለበት። እሱ ደግሞ ለታናሽ መልቀቅ የሚወድ ሰው ነው። እናቴ ስለዚህ ነገር የራሷ ሕግ ነበራት። የመጀመሪያው እምቢታ ለወግ ነው፣ ሁለተኛው ለክብር ነው፣ ሦስተኛው ከልብ ነው ትል ነበር። ሰው ቤት "ብሉ" ስንባል ሦስተኛው ሳይደርስ እጅ ለመታጠብ የተነሳን ልጅ ቤት ስንገባ ትቆነጥጠዋለች። ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎ የሚቀበል ሰው ስጦታውን አክብሮ ተቀበለ ይባላል። አንድ ጊዜ ብቻ ብሎ የሚቀበል ግን ጎምጅቶ ነበር ማለት ነው።

ወደ ባሕሩ ያስገባን ፍስሐ ነው። አባቱ ምጽዋ ወደብ ይሠሩ ስለነበር፣ አዲስ አበባ መጥቶ ከማደጉ በፊት እግሩ ከጨው ውሃ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ዋና የተማርኩት ሶደሬ ነው፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ፣ ጠርዝ ይዤ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አንዲት አሮጊት በራቸው ላይ አሮጌ ዕቃ ዘርግተው ይሸጣሉ፤ ከመሐሉ ቢጫ ሰርፍቦርድ ተጋድሟል። ፍስሐ ነጠላውን እንደለበሰ መርካቶ ያለ ይመስል ተከራክሮ ገዛው፤ በአውቶቡስ አላስገባ ስላሉን እየተቀባበልን ተሸክመን ዳገቱን ወጣን። ሲዮኔ ሲሰማ ሳቀና ቅዳሜ ቅዳሜ ዌስትፖርት ወደሚባለው የባሕር ዳር እየወሰደ ያስተምረን ጀመር። ውሃው አጥንት ይሰብራል። ወፍራም የጎማ ልብስ ለብሰን ስንገባ ሁለት ጥቁር የባሕር አንበሳ እንመስል ነበር። እትዬ ብርቄ ወሬው ደርሷቸው "ባሕር ተሻግራችሁ እንጀራ ፍለጋ መጥታችሁ፣ ደግሞ ባሕሩ ውስጥ ልትጫወቱ?" አሉን። ፍስሐ ግን በጥቂት ወራት ቦርዱ ላይ ቆሞ ወደ ዳር ሲመጣ፣ ቆሞ የሚያየው የአካባቢው ሰው ሁሉ ያጨበጭብለት ነበር። እኔ በሆዴ ተኝቼ እመጣለሁ።

ሲዮኔ ለዓመት ፈቃዱ ወደ ደሴቱ ሲሄድ አብራችሁኝ ኑ አለን። የአየር መንገድ ሠራተኛ ስለሆንን፣ ባዶ ወንበር ከተገኘ ለኮፍያ መግዣ በማይበቃ ገንዘብ እንበራለን። የዚያን ጊዜ ደንቡ ግን ጥብቅ ነው፤ በሠራተኛ ቲኬት የሚበር ሰው ሱፍና ከረባት መልበስ አለበት። እናም ሰርፍ ልናደርግ የተነሳነው ሦስት ሰዎች ሙሉ ሱፍ ለብሰን፣ ከረባት አስረን፣ በየኤርፖርቱ ወንበር ላይ እያንቀላፋን፣ ቦርዳችንን እንደ ሬሳ ሳጥን ተሸክመን ሄድን። ፍስሐ የለበሰው የሰርጉን ቡናማ ሱፍ ነው፤ ገና አዲስ ሙሽራ ነበር፣ ሊያ አልተወለደችም። የደሴቷን ስም አልጠራም። ሲዮኔ ሰው እንዳይጎርፍባት ለማንም እንዳትናገሩ ብሎናል፤ እሷን ቃል እንኳ ልጠብቅ።

ያረፍነው የሲዮኔ አጎት ቤት ነው። ሰውየው በጀልባ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ቋንቋችንን ሳያውቁ የሚቀልዱብን ሰው ነበሩ። ማለዳ ማለዳ በጀልባቸው ከመንደሩ ርቀን፣ ሰው ወደማይኖርበት የደሴቷ ጫፍ እንሄዳለን። እዚያ ከባሕሩ ሥር እንደ ግንብ የተነሳ ኮራል አለ፤ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ነገር ነው። ከሩቅ የመጣው ሞገድ እሱን ሲነካ ይነሳና ይጠቀለላል። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ጥልቅ ይመስላል፤ ቢቆሙበት ግን ወገብ አይደርስም። ሲዮኔ ጀልባዋ ላይ ሆኖ ደንቡን ነገረን። "ሞገዱ ወደሚነሳበት ቦታ የቀረበው ሰው፣ ሞገዱ የሱ ነው። ይሂድ። ያመነታ ይመታል። ፕሊስ፣ የበሩን ነገር እዚህ እንዳታመጡብኝ" አለን። ሳቅን።

የዚያን ቀን ጠዋት ሞገዱ ከሌላው ቀን ከፍ ብሎ ነበር። ፍስሐ ገና ከመድረሳችን ይይዝ ጀመረ፤ እየጮኸ ይሄዳል፣ እየሳቀ ይመለሳል። እኔ እመለከታለሁ። አንዱም አልመጣልኝም፤ እውነቱን ለመናገር ሲመጣም ፈርቼ አሳልፌዋለሁ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ከአድማሱ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ታየ፤ ከኋላው ሌላ። የፊተኛው ደርሶ መነሳት ሲጀምር ፍስሐ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። ያለ ጥርጥር የሱ ነው። እሱ ግን ቦርዱ ላይ ተቀመጠና ዞሮ አየኝ። "ደምሴ፣ ጠዋቱን ሙሉ አንድ አልያዝክም። ቅደም!" አለኝ። "ኧረ ያንተ ነው፤ አንተ ቅደም" አልኩ። "በማርያም ቅደም!" አለ። እኔም ሄድኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው እምቢ ያልኩት። እሷንም ቢሆን አፌ ሲናገር እጄ መቅዘፍ ጀምሮ ነበር።

ስለ ሞገዱ ራሱ ቆይቼ እናገራለሁ። ሲያልቅ ጀልባዋ አጠገብ፣ ጥልቁ ውሃ ላይ ነበርኩ። ሲዮኔ ከጀልባዋ ዘሎ ገብቶ በአጠገቤ እየቀዘፈ ሲያልፍ በደስታ ፈገግ አልኩለት። እሱ ግን እያየኝም አልነበረም። ያኔ ነው ዞር ያልኩት። ፍስሐ ለኔ ብሎ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ሞገድ፣ ትልቁ፣ ራሱ ላይ ወርዶበታል። ነጩ አረፋ ሲነሳ የቦርዱ ግማሽ ብቻ ተንሳፈፈ። ፍስሐ የለም። እንደገና ሞገድ መጣ፣ አሁንም የለም። ሲዮኔ ጠልቆ በክንዱ ይዞት ሲወጣ፣ በዙሪያቸው ያለው ያ የጠራ ውሃ ቀልቶ ነበር። ሞገዱ ኮራሉ ላይ ጎትቶት ከጭኑ እስከ ጉልበቱ ሥር ከፍቶታል። ጀልባዋ ላይ አጎትየው ሸሚዛቸውን ቀደው ሲያስሩለት፣ ፊቱ አመድ መስሎ ዓይኑን ገለጠና እኔን ፈለገ። "እንዴት ነበር?" አለኝ። "ምኑ?" አልኩት። "ሞገዱ። ሄድክበት? ረጅም ነበር?" እኔም "አሁን ይሄ ይጠየቃል? እኔ ምንም አላስታውስም" አልኩት።

የመንደሩ ነርስ በክር ያዘችው፤ የተቀረው ሲያትል ደርሰን ነው የተሠራው። ደንብ ደንብ ነውና ስንመለስም ሱፍ አልለበሳችሁም እንዳይሉን የቡናማ ሱሪውን አንድ እግር በመቀስ ቆርጠን፣ በፋሻው ላይ አጥልቀን፣ ከረባቱን አሰርኩለት። አልጮኸም። አንገቱ ሥር ሳስር እንባዬ እጄ ላይ ሲወርድ "አይዞህ፣ ሰው ሞተ እንዴ?" ያለኝ እሱ ነው።

ሐኪሞቹ እግሩን አተረፉለት፤ መሮጡን ግን አላተረፉም። ሰዉ ዛሬ ረስቶታል እንጂ ፍስሐ በየበጋው የሐበሻ የእግር ኳስ ግጥሚያ ላይ የሲያትል ቀኝ ክንፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ዳር ቆሞ ውሃ አቀባይ፣ ቆይቶም አሠልጣኝ፣ ቆይቶም ዳር ተቀምጦ ተሳዳቢ ሆነ። ሰርግ ላይ ልጆቹ እግሩን እያዩ ሲያዝኑለት "እስክስታ በትከሻ ነው፣ እግር ምን ያደርጋል?" ብሎ ያስቃቸዋል። ሰዉ ጠርቶ ሲያስቀምጠው ደግሞ ያችን ታሪክ ይጀምራል። "ባሕር መሐል ለዚህ ሰው ቅደም ብዬው..." ሴቶቹ "አንቺ ማርያም!" ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹ "ጨዋነት እንዲህ ነው፤ የዛሬ ልጅ ይሄን ያውቃል?" ይላሉ። እኔ ሳህኔን አያለሁ። የሚያሳፍረኝ መቅደሜ ብቻ አይደለም። ሌላ ነገር አለ፤ ያን ቀን ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ቀዩ ውሃ አይደለም። ሞገዱ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሚስቴን ሳገባም፣ ልጄ ስትወለድም፣ ዜግነት ስቀበልም። የወዳጄ እግር የተበላባት ደቂቃና የኔ ትልቁ ደስታ አንድ ደቂቃ ናቸው። ይህን ለማን ይነግሩታል? ለነፍስ አባቴ እንኳ ጀምሬ ወደ ሌላ ኃጢአት አዙሬዋለሁ።

ፍስሐ ግን መጠየቁን አልተወም። በዓመት አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሰው ሲበተን ጠጋ ይልና "እንዴት ነበር ግን?" ይለኛል። እኔ "ኧረ ተወኝ፣ በድንጋጤው ጠፍቶብኛል" እለዋለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በእግሩ ፊት ተቀምጬ ደስ ብሎኝ ነበር ማለት፣ የተራበ ሰው ፊት ጣትን እንደ መላስ ይመስለኝ ነበር። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና በውሸቱ ቀጠልኩ። አጠገቡ ሰርፍ የሚል ቃል እንዳላነሳ ስጠነቀቅ፣ ሌክ ሲቲ ሲገባ ሐይቁ የሚታይበትን አፓርትመንት ትቶ ኋላ ያለውን እንዲይዝ ስገፋፋው፣ ለሱ እያዘንኩ ነበር የሚመስለኝ።

ቅዳሜ ዕለት ሊያ ካርቶኖቹን መኪና ውስጥ ልታስገባ ወረደች። ፍስሐ "ና ተቀመጥ" አለኝ። ተቀመጥኩ።

"ሶ፣ ዛሬም አታስታውስም?"

"ፍስሐ፣ በናትህ..."

"እሺ፣ ስማኝ።" ድምፁ ተለወጠ። በዚህ ሁሉ ዘመን ተቆጥቶኝ አያውቅም ነበር። "ከዚያ በኋላ ባሕር አልገባሁም። የመጨረሻው ሞገዴ ያንተው ነው። የኔ ነበር፣ ሰጠሁህ። አንተ ደግሞ ቆልፈህበት ተቀመጥክ። ሰው ሰርግ ላይ ሲያመሰግነኝ ምን የሚሰማኝ ይመስልሃል? ምን እንደሰጠሁ እኮ አላውቅም! ተራ ነገር ይሁን፣ ጥሩ ይሁን፣ ወድቀህ ይሁን... ሰኞ ልሄድ ነው ደምሴ። መጥፎ ነበር በለኝና ልረፍ።"

"መጥፎ አልነበረም" አልኩ። አንገቴን ደፍቼ ነው የተናገርኩት።

"እና?"

"አረንጓዴ ነበር" አልኩት። "ስቆም ሁሉም ነገር ዝም አለ። ከፊቴ እንደ ጠርሙስ የጠራ ግድግዳ ተነሳ፤ እጄን ብዘረጋ ይነካል፣ ዘርግቼም ነካሁት። ከሥሬ ኮራሉ ይታየኛል፤ ወይን ጠጅ፣ ቢጫ፣ ዓሣው ሁሉ ሲበታተን። ጥላዬ ኮራሉ ላይ አብሮኝ ይሮጣል። ፍርሃቴ የት እንደገባ እንጃ። ረጅም ነበር ፍስሐ፣ አላልቅ አለ። እግሬ ሁሉን ነገር የሚያውቅ ይመስል ራሱ ይሠራል።" ኪሴ ውስጥ ያለውን ሰም ጨበጥኩት። "አንተ ትዝ አላልከኝም። አንዴም ዞሬ አላየሁህም። መጨረሻው ላይ፣ አንተ ከውሃ ሥር ሆነህ፣ እኔ... እልል አልኩ።"

"ምን አልክ?"

"እልል አልኩ። እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ። እንደ ሙሽራ እናት።"

ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም፤ ዓይኔ ያች ጠባሳ ያለባት፣ እንደ ብትር የቀጠነች እግሩ ላይ ተተክሏል። ሊያ በሩን ከፍታ ገባችና "ዳዲ? ዋት ሃፕንድ?" ስትል ሰማሁ። ፍስሐ የሶፋውን ክንድ ተደግፎ በመከራ ተነሳና ቆመ። አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ፣ በዚያ በሰለለ የሽማግሌ ድምፁ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ድረስ እልል አለ። ሲጨርስ "ያኔውኑ ብትነግረኝ እኮ አብሬህ እል ነበር፤ አንተ ነህ ያስቀረኸብኝ" አለኝ፤ እኔም ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ።